የበር ላይ ርክክብ

ይድረስ በዕድሜም በሐሳብም ለምትቀድሚኝ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ቀኙ ነበር ግራው? በመጨረሻው ደብዳቤሽ የሁሉንም ሰው ጤና ጽፈሽ ስለ ራስሽ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። እማዬስ እንዴት አለችልኝ? ጠዋት ጠዋት የሚያጣድፋት ሳል ረገብ አለላት? እህል ትቀምሳለች ወይስ እንደ ልማዷ ጠግቤያለሁ እያለች ታታልልሻለች? ጋሼስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሬን ማን ወሰደው ማለቱን ተወ? እኛ ሁላችንም አለን። ከትንሹ ልጄ ከድንቡሼ አፍንጫ በቀር የሚፈስ፣ ከእኔ እግር በቀር የሚያብጥ ነገር የለም። እግሬም ቢሆን ከፍ አድርጌ ስሰቅለው ይመለሳል፤ ስለዚህ ደህና ነን ማለት ይቻላል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። መልሱ የዘገየው ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። ተቀይሜስ ነበር፤ ግን ቂም ለመያዝም ጊዜ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ከሥራ ገብቼ ልብስ ሳጥብ፣ ልብስ አጥቤ ምግብ ስሠራ ቂሙን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ። ዛሬ እሁድ ነው። ልብሱ ገመድ ላይ ነው፤ ባሌ ልጆቹን ይዞ ወጥቷል። ቤቱ ጭር ሲልልኝ ወረቀት አወጣሁ።

ጥያቄሽ አንድ ነው፤ አልረሳሁትም። ልጅቷን ላኪልኝ፣ እዚህ ለብቻዋ ክፍል አላት፣ ትምህርት ቤቱ ከደጃችን ነው፣ ልጅ ሆና ትደግ ብለሻል። መልሴን ከመጨረሻው አካባቢ ታገኚዋለሽ። ዘለሽ እንዳታነቢ፤ ስለማውቅሽ ነው። አስቀድሜ የቤቱን አኳኋን ልንገርሽ፤ አንቺ የምታውቂው አጎታችን ያወራልሽን ብቻ ነው። አጎታችንን ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ ጋዜጣው ያልነው በከንቱ አልነበረም።

የምሠራው እንደምታውቂው ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። አንሶላው፣ የትራስ ልብሱ፣ የሐኪሙ ጋውን ሁሉ ቆሽሾ በአንድ በር ይገባል፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ በሌላ በር ይወጣል። ፈረቃችን የሚጀምረው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። እዚያ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ ርክክብ ይባላል። የምትወጣዋ ሠራተኛ በሩ ላይ ቆማ ለምትገባዋ ታስረክባለች፤ የትኛው ማሽን እንደሚያፈስ፣ የትኛው ውስጥ ልብስ እንዳለ፣ የቱ እድፍ አልለቅም እንዳለ በቃሏ ትናገራለች። የምትገባዋ ሁሉንም ሰምታ ተረክቤያለሁ ካላለች የምትወጣዋ ሽርጧን አታወልቅም። አውቶቡሱ ቢያመልጣትም፣ ልጇ ቢያለቅስም አታወልቅም። ኃላፊያችን በዚህ ቀልድ አታውቅም። እኛ በሌለችበት ካውያ እንላታለን፤ በሄደችበት ሁሉ የተጨማደደ ነገር ቀጥ ይላልና።

ባሌ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሲመሽ ይወጣል፣ ሲነጋ ይገባል፤ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። ትዳራችን የበር ላይ ትዳር ነው ብል አልዋሸሁም። እሱ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ይዞ፣ እኔ አንድ ጫማ አድርጌ ሌላውን እየፈለግሁ እንገናኛለን። ከዓመታት በፊት በር ላይ ሳይነገር የቀረ ነገር ሁሉ ያጣላን ነበር። ድንቡሼ ሽሮፑን ወስዷል አልወሰደም፣ የልጅቷ ዩኒፎርም ደርቋል አልደረቀም፤ ጠቡ ይኸው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ስንቸኩል ያፈሰስነውን ቀኑን ሙሉ ስንለቅም እንውል ነበር። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቴን ሕግ ወደ ቤት አመጣሁት። ሳይረከቡ መግባት፣ ሳያስረክቡ መውጣት የለም አልን።

ሠራልን። ችግሩ ባሌ ነገሩን ትቶ ቃሉን ብቻ መልመዱ ነው። እንቅልፍ ሲጫጫነው ለተባለው ሁሉ ተረክቤያለሁ ይላል። አንድ ቀን አከራያችን አንኳኩቶ ውኃ ሊቋረጥ ነውና ዕቃ ሙሉ ቢለው ተረክቤያለሁ ብሎት በሩን ዘግቶ ተኛ። እኔ ስመለስ ባልዲው ባዶ፣ ቧንቧው ደረቅ፣ እሱ በሰላም እያንኮራፋ ነው። ውኃው እስኪመጣ ድረስ ፊታችንን በእርጥብ ጨርቅ ስናብስ ሰነበትን። አከራያችን እስከ ዛሬ ደረጃ ላይ ሲያገኘው እንደምን አደርክ አይለውም፤ ተረከብክ ወይ ነው የሚለው።

እንግዲህ ቤቱን የያዘችው ልጅቷ ነች። አለቃ እንላታለን። ማዕረጉን የሰጣት አባቷ ነው፤ ሲሰጣት ቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ውሎ አድሮ ሥራ ሆነ። ትምህርቷ እስከ እኩለ ቀን ነው። ስትመለስ ታች ከምትኖረው ልብስ ሰፊ ወንድሟን ትረከባለች፤ አንገቷ ላይ በክር የተንጠለጠለውን ቁልፍ አውጥታ ትከፍታለች፤ ምሳ ታሞቃለች፤ እኔ እስክመጣ ትጠብቃለች። አባቷ ያን ጊዜ ገና እንቅልፍ ላይ ነው። ቤታችን አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው፤ የሚለያቸውም መጋረጃ ነው። ስለዚህ ልጆቹ የሚነጋገሩት በሹክሹክታ ነው። ድንቡሼ ሲያለቅስ እንኳ አፉን ትራስ ውስጥ ቀብሮ ማልቀስ ተምሯል። እኔ ስገባ አለቃ በሩ ላይ ቆማ ታስረክበኛለች፤ ምን ተበላ፣ ማን ወደቀ፣ ምን ተሰበረ። ተረክቤያለሁ፣ በይ ወርደሽ ተጫወቺ እላታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አትወርድም። በርጩማውን ታቀርብልኝና አጠገቤ ትቆማለች።

ሰው ሁሉ የታደልሽ ነሽ ይለኝ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ይህቺን የመሰለች ልጅ ባገኝ መርፌዬን ጥዬ እተኛ ነበር ትለኛለች። ታድያ እኔም አመንኩ። ነገሩ እየሄደ ነው፣ ማንም አልተራበም፣ ማንም አልታመመም፤ ከዚህ በላይ ምን ልመርምር?

በዚህ መሃል ጋዜጣው ከች አለ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። አለቃ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ አባቴ ተኝቷልና ጫማዎን ያውልቁ ብላ በሹክሹክታ አስገባችው። አስቀመጠችው። ውኃ አቀረበችለት። በርጩማ ላይ ቆማ ሾርባውን አማሰለች፤ የወንድሟን አፍንጫ ጠረገች፤ ከዚያ ለእናትሽ ምን ልበልልሽ ቢላት፣ እናቴ ስትመጣ እኔ አስረክባታለሁ አለችው። የቀረውን ታውቂዋለሽ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ አንቺ ቤት ደረሰ።

ያን ሰሞን ደግሞ አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ነገር ግን ስትመልስ አትሰማም፤ አጠገቧ ሄጄ ጎንበስ ማለት አለብኝ፣ ጉሮሮዋን ያማታል ወይ አለችኝ። አያማትም አልኳት። ታድያ ለምን አትጮህም አለችኝ። ቤታችን ቀን ቀን የሚተኛ ሰው አለ ብዬ ላስረዳት ጀመርኩና መሃል ላይ ተውኩት። ለአስተማሪ ሲነገር ነገሩ ሌላ መልክ ያወጣል። እሞክራለሁ ብዬ ወጣሁ። ምኑን እንደምሞክር ግን አላወቅሁም።

ደብዳቤሽ የደረሰው በዚያው ሳምንት ነው። እሁድ ከሰዓት እኔ ልብስ እየተኮስኩ ባሌ ድምፁን ቀነስ አድርጎ አነበበልኝ። አጎታችን ቤትሽ ውስጥ አንዲት ትንሽ አሮጊት አየሁ አለኝ ብለሻል። እኔ አንቺን ያዘልኩት በእሷ ዕድሜ ነው፣ የሚያመጣውን አውቃለሁ ብለሻል። ባሌ እዚያ ሲደርስ ቆም አለና ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥል አልኩት። ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈው። ካውያው ሸሚዙ ላይ እንደቆመ ነበር፤ የሸሚዙ ኪስ ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፤ ባሌ አሁንም ይለብሰዋል። ከዚያ እኔ፣ ብትሄድ ይሻላት ይሆናል አልኩ። እውነቴን ነው ያልኩት። ክፍሉን አሰብኩት፤ ትምህርት ቤቱን አሰብኩት፤ አንቺን አሰብኩ። ባሌ አንቺ ካልሽ አለ፤ በዚያው አለፈ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል። የእኛ ቤት ግድግዳ ደግሞ ጨርቅ ነው፤ አለቃም ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ድንቡሼ ተለወጠብኝ። ጫማውን ቀኝና ግራ ለይቶ ማድረግ ጀመረ። ሳህኑን ራሱ ያነሳል። በርጩማውን እየጎተተ ያመጣልኛል። ገና አራት ዓመቱ ነው፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል እንጂ የእኔስ አንድ ዓይነት ነው ብዬ ሥራ ቦታ ጉራዬን ነዛሁ። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈዋ ጓደኛዬ፣ አንቺ ቤት ልጅ አይወለድም፣ ሠራተኛ ነው የሚቀጠረው አለችኝ። ሳቅን። እኔም ከልቤ ሳቅሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ትልቅ ማሽን ተበላሸና ካውያ ሂዱ አለችን። ካውያ ሂዱ ስትል ሐሳቧን ሳትቀይር መሮጥ ነው። ከወትሮው ቀድሜ ቤት ደረስኩ። በራችን ሲከፈት ስለሚያቃስት ልጆቹ ገርበብ አድርገው ነው የሚተዉት። ደረጃውን ወጥቼ በሩ ላይ ስደርስ የአለቃ ሹክሹክታ ተሰማኝ። የምትናገረው በእኔ አነጋገር ነበር። እኔ ለባሌ ሳስረክብ የማወጣውን ያንኑ ድምፅ፣ ያንኑ ችኮላ ይዛዋለች። ቆሜ አዳመጥኩ።

የድስቱ ክዳን ይፋጃል፣ በጨርቅ ያዝ አለችው። ምድጃውን አንተ አትነካም፣ ልብስ ሰፊዋን ጥራ፤ እሷ ካልሰማች አባባን ትከሻውን ሁለቴ ነካ አድርገው፣ አንዴ ከነካኸው ተረክቤያለሁ ብሎ ይተኛል። ድንቡሼ ተለክቤያለሁ አለ። ር አትሆንለትም። ቁልፉ በአንገት ነው፣ ኪስ ውስጥ ከሆነ ይወድቃል አለችው። ተለክቤያለሁ አለ። አንሶላ ስታሰጣ ጫፍና ጫፉን አጋጥም፤ አሁን አትደርስም፣ ስታድግ። ተለክቤያለሁ። ከዚያ፣ እማ ስትመጣ እግሯን ያማታል አለች። በርጩማውን አቅርብላት። ውኃ እስክትጠጣ ምንም አትጠይቃት። አንዳንድ ቀን ዝም ትላለች፣ አንተ ላይ ተቆጥታ አይደለም፣ ደክሟት ነው፤ አጠገቧ ቁም እንጂ አትነካካት። ራሷ እስክትነካህ ጠብቅ።

ከሚረከቡት ዕቃዎች የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ድንቡሼ ይህንንም ተረከበ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አፈርኩ። መጀመሪያ ኀዘን መስሎኝ ነበር፤ ሳጣራው ሐፍረት ነው። ገባሁ። ድንቡሼ ወዲያው እየሮጠ በርጩማውን ጎትቶ አቀረበልኝ፤ ውኃም አምጥቶ ግማሹን ጉልበቴ ላይ ደፋው። ጠጣሁ። ሁለቱም አጠገቤ ቆሙ፤ ማንም አልነካኝም።

ምን እያደረግሽ ነው ብዬ አለቃን ጠየቅኋት። እትዬ ጋ ልሄድ አይደል አለችኝ፤ ሳላስረክብ እንዳልወጣ ብዬ ነው። ፊቷ ላይ እንባ የለም። ፊቷ ላይ ያለው ፈረቃዋን የጨረሰች ሴት ፊት ነው። መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። ድንቡሼ ገና ክዳኑን አልቻለውም አለችኝ። የጠየቅኋት ስለ ክዳኑ አልነበረም። ስጠብቃት፣ እዚያ ቀን ቀን የሚተኛ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። እንግዲያ መጮህ ይቻላል አለች። ይቻላል አልኩ። ይህን አሰበችበት፤ ደስ ያላት ትመስላለች፤ ወዲያው ደግሞ ወንድሟን አየችና መደሰቷን ተወችው።

እትዬ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ልጁን ያባብላል፣ ያቅፋል፣ የትም አትሄጂም የኔ ልጅ ይላል። እኔ እንደዚያ ብላት አለቃ አታምነኝም ነበር፤ እሷ የምታምነው ሕጉን ነው። ስለዚህ ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩና በመሥሪያ ቤት ድምፄ፣ ተረካቢ ሳይረከብ አስረካቢ ሽርጥ ያወልቃል ወይ አልኳት። አያወልቅም አለች። እኔ አልተረከብኩም አልኳት። ግራ ገባት። ድንቡሼ ተረክቧል አለች። ድንቡሼ ፈረቃ የለውም፣ ገና አልተቀጠረም አልኳት። እሱም ነገሩ ስለ እሱ መሆኑን ሲያይ ተለክቤያለሁ ብሎ አንገቱን ቀና አደረገ።

ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠ። ባሌ ነው። ፀጉሩ በአንድ ወገን ቆሟል፤ ጉንጩ ላይ የትራሱ መስመር አለ። ምን ያህሉን እንደሰማ አላውቅም። ለማንኛውም ነገር ተረክቤያለሁ የሚለው ሰውዬ ልጅቷን አየና፣ እኔም አልተረከብኩም አለ። ከዚያ ተመልሶ አልተኛም። ምድጃው አጠገብ ሄዶ ድስቱን ከፈተ፤ ክዳኑ ፈጀው።

አለቃ በጨርቅ ነው አለችው። በሹክሹክታ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ገብቶኛል። ወደ ቤት ያመጣሁት ግማሹን ሕግ ብቻ ነው። እኛ ጋ ተረክቤያለሁ ያለች ሴት ሥራውን ትይዛለች፤ ያስረከበችው ደግሞ ወጥታ ትሄዳለች። እኔ ለልጅቷ ሳስረክብና ስታስረክበኝ ቆየሁ እንጂ ስትወጣ አላየኋትም። ከበርጩማዬ አጠገብ ወዴትም አልሄደችም፤ እኔም ሂጂ ብዬ ዞር አላልኩም።

ስለዚህ ቁልፉን ከአንገቷ አወጣሁ። አሁን ልጆቹ እኔ እስክመጣ ታች ልብስ ሰፊዋ ጋ ናቸው። ምሳውን ባሌ ሳይተኛ ሠርቶ ያወርድላቸዋል፤ ጨው ይረሳል እንጂ ይበላል። ለልብስ ሰፊዋ እኔ በተራዬ እሁድ እሁድ የተሰፋውን ልብስ እተኩስላታለሁ፤ ሸሚዝ ስተኩስ ደብዳቤ እንዳይነበብልኝ አስጠንቅቃለች። የስፌት መኪናዋ ሲሠራ ጎረቤት ያናውጣል፤ እዚያ ውስጥ ሹክሹክታ ቢባል የሚሰማ የለም። መጀመሪያ ቀን አለቃ ዝም ብላ ዋለች አሉ፤ እጇን ደጋግማ አንገቷ ላይ እያደረገች ቁልፉን ስትፈልግ። ከትናንት ወዲያ ግን ደረጃው ላይ ስደርስ ከመኪናው ጩኸት በላይ አንድ ሰው ሲዘፍን ሰማሁ። ዜማ የሚባል ነገር የለውም፤ በአባቷ ነው የወጣችው። ልብስ ሰፊዋ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ወስደሽልኝ ሂጂ አለችኝ። ትንሽ ቆሜ ሰማኋትና ነው የወሰድኳት።

ሁሉም ተስተካክሏል ብዬ አልዋሽሽም። እቤት ስትገባ ድምፅዋ እንደገና ይቀንሳል። ድስት ሲፈላ ከሁላችን ቀድማ ትነሳለች፤ ተቀመጪ ስላት ትቀመጣለች፣ ዓይኗ ግን ክዳኑ ላይ ነው። አስተማሪዋም እስካሁን ደግማ አልጠራችኝም፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም።

መልሴን እስካሁን አውቀሽዋል። ልጅቷን አልልክልሽም። አንቺ ዘንድ ስለማይመቻት አይደለም፤ እንደሚመቻት አውቃለሁ፣ ያም ነው ያስቸገረኝ። ግን አሁን ብትሄድ አስረክባ ነው የምትሄደው፤ ልጅ ደግሞ ቤቱን አስረክቦ መውጣት የለበትም፣ ዝም ብሎ ነው መውጣት ያለበት፤ በሩን እንኳ ሳይዘጋ። ትንሽ አሮጊት ማለትሽ አስቀይሞኛል። ውሸት ቢሆን ኖሮ አያስቀይመኝም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ እኔን አዝለሽ፣ የሰፈሩ ልጆች ገመድ ሲዘሉ ግድግዳ ተደግፈሽ ትመለከቻቸው እንደነበር እማዬ ደጋግማ ነግራኛለች። ስትነግረኝ እንደ ሙገሳ ነበር፤ እኔም እንደ ሙገሳ ነበር የምሰማው። እኔ የነበርኩት ከጀርባሽ ስለሆነ ፊትሽን አላየሁትም። አለቃን በሩ ላይ ሳያት ግን ያየሁት መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ፣ ዛሬም እማዬን የያዝሽው አንቺው ነሽ። ስታስነሺያት፣ ስታበዪያት፣ ስታስተኚያት፤ ደብዳቤሽ ላይ ስለ ጉልበትሽ የማትጽፊውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ልጅቷን የጠየቅሽኝ ለልጅቷ ብቻ ነው ወይስ ቤቱ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ናፍቆሽ ነው? ሁለተኛው ቢሆንም ኀጢአት የለበትም።

ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንም እንመጣለን። ባሌ ዳቦ ቤቱን አስፈቅዷል። እኔም ካውያን ለመንኳት። ፊቷን ቋጥራ ሰማችኝና፣ ለማን እንደምታስረክቢ ንገሪኝና ሂጂ አለችኝ። ነገርኳት። ተረክባለች።

ለጋሼ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ መነጽሩ የጠፋ ዕለት መጀመሪያ ግንባሩን ይፈትሽ። ጋዜጣው ሲመጣም ሰላም በይልኝ፤ በዚህ ቤት አሁን ጫማ ሳያወልቁ፣ ድምፅ ሳይቀንሱ መግባት እንደተፈቀደ ንገሪው፤ ለሀገሩ ሁሉ ያዳርስልኛል። ለእማዬ ጉልበቷን ስሚልኝ። ልጆቹ አሁን ገቡ፤ ድንቡሼ ለአያቴ ስጪልኝ ብሎ እጁን ወረቀቱ ላይ ዘርግቶ በእርሳስ አስከብቦ ልኮላታል፤ ስድስተኛ ጣት የመሰለው እርሳሱ አምልጦት ነው። ባሌ ከነዱቄቱ እጅ ይነሳል። አለቃ ላንቺ የምልከው የለኝም፣ ስመጣ ጮክ ብዬ እነግራታለሁ ብላለች።

እኔም ላንቺ ሰላምታ አልልክም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። የመጣን ዕለት በሩ ላይ ቆመሽ ጠብቂኝ። እንግዳ ተቀባይ አትሁኚ፤ ምግብም አታቅርቢ። እማዬ የትኛውን መድኃኒት መቼ እንደምትወስድ፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ ጠግቤያለሁ ስትል መቼ እውነቷን መቼ ውሸቷን እንደሆነ፣ ሁሉንም አንድ ሳታስቀሪ ንገሪኝ። ሰምቼ ስጨርስ ተረክቤያለሁ እልሻለሁ። ከዚያ ሽርጥሽን አውልቂና ውጪ። ወዴት ነው ብዬ አልጠይቅሽም፤ እስክትርቂ ድረስ ግን በሩ ላይ ቆሜ አይሻለሁ።

ታናሽ እህትሽ

ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊዋ በላይ ካለው ቤት
እሁድ ከሰዓት፣ በወሩ በአሥራ አራተኛው ቀን